አንድ ጋቢ፣ ሁለት ኮከብ

እናቴና አባቴ ኮከባቸው አይገጥምም። ይህን ያልሁት እኔ አይደለሁም። በ1977 ዓ.ም. የአባቴ ሽማግሌዎች የእናቴን ቤት ደጅ ከመርገጣቸው በፊት፣ ሴት አያቴ ሄደው ያማከሯቸው አንድ መሪጌታ ናቸው። መሪጌታው እንደ ወጉ የአባቴን ስም ከእናቱ ስም፣ የእናቴንም ስም ከእናቷ ስም ጋር ደምረው፣ ፊደሉን ወደ ቁጥር መንዝረው፣ በ12 ገድፈው ሲያበቁ አባቴ ሠውር፣ እናቴ ዐቅራብ ሆነው ተገኙ። «አይሆኑም፤ አንዱ ሲወጣ አንዱ የሚጠልቅ ነው» አሉ ይባላል። አያቴ ሁለት ቀን አኮረፉ። በሦስተኛው ቀን ግን ከጥሎሹ ጋር የወርቅ ሐብል እንደሚመጣ ተሰማና ነገሩ በሐብሉ ተቋጨ። ይኸው ከአርባ ዓመት በላይ አብረው ኖሩ።

በነገራችን ላይ መሪጌታው ስለ ሰማዩ አልተሳሳቱም። በኅዳር መጨረሻ፣ ፀሐይ እንደገባች፣ አዳማ ከሚገኘው ግቢያችን በር ላይ ቆሞ ወደ ወለንጪቲ አቅጣጫ የተመለከተ ሰው አንድ ቀላ ያለ ኮከብ ከአድማስ ብቅ ሲል ያያል። የሠውር ዓይን ነው፤ ዐረቦች ያወጡለት ስም አልደባራን ይባላል። በዚያች ሰዓት የዐቅራብ ልብ የሚባለው ሌላው ቀይ ኮከብ በምዕራብ በኩል ከፀሐይ ጋር ገብቷል። በግንቦት መጨረሻ ተራው ይገለበጥና ዐቅራብ ሲወጣ ሠውር ይጠልቃል። ሁለቱ በአንድ ሰማይ ላይ አብረው አይታዩም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በደቡብ፣ በቦረና አገር፣ አያንቱ የሚባሉት የቀን ሊቃውንትም ወርን የሚቆጥሩት ጨረቃ ከሠውር ሰፈር ከዋክብትና ከጎረቤቶቻቸው ጋር የምትገናኝበትን ሌሊት እየጠበቁ ነው። ሰማይን ማንበብ በእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም ለማለት ያህል ነው።

እኔ ግን ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የተማርሁት ጋዜጠኝነት ነው፤ ያውም በዲፕሎማ። ፊዚክስና እኔ በጊዜ የተለያየን ነን። የምኖረው አዘጋጆች ያዘዙኝን እየጻፍሁ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ስለ ሕዋ ሳይንስ ጻፊ ተባልሁና እንጦጦ ወጣሁ። ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የተሸከሙ ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ብዙ የደከመበት ሥራ ሲሆን፣ ጣቢያው በይፋ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ጽሑፌን ጻፍሁ፤ ተከፈለኝ፤ ነገሩ በዚህ ማለቅ ነበረበት። ነገር ግን ለዚያ ጽሑፍ ሳነብ ያገኘሁት አንድ ጉዳይ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። አሁን በዚህ ወር፣ ወላጆቼ ቤት «ለሦስት ቀን» ብዬ መጥቼ ሦስት ሳምንት ከሞላኝ በኋላ፣ ጭራሽ እንቅልፍ ነሣኝ። ለምን እንደመጣሁ ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ጉዳዩ የጥንድ ከዋክብት ጉዳይ ነው። ፀሐያችን ብቸኛ ስለሆነች ከዋክብት ሁሉ ብቻቸውን የሚኖሩ ይመስለናል። አይደለም። ፀሐይን ከሚመስሉት መካከል ግማሽ ያህሉ ጓደኛ አላቸው፤ ሁለቱ አንዱ በሌላው ዙሪያ ሲዞሩ ይኖራሉ። አብዛኞቹ የተራራቁ ስለሆኑ አንዱ የሌላውን ኑሮ ሳይነካ ያረጃል። ጥቂቶቹ ግን ይቀራረባሉ፤ ታሪኩም ያለው እነሱ ዘንድ ነው።

ኮከብ የሚኖረው መሐሉ ላይ ሃይድሮጅን አንድዶ ነው። መሐሉ ላይ ያለው ሃይድሮጅን ሲያልቅበት ልቡ ይጨመቃል፤ ውጫዊው አካሉ ግን በተቃራኒው ይነፋል። ፀሐያችን ከ5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ከዛሬ ስፋቷ 200 እጥፍ ያህል ትሆናለች፤ አጣርድንና ዝሁራን ትውጣለች፤ የምድር ነገር ገና እያከራከረ ነው። እንዲህ ያበጠውን ኮከብ ቀይ ግዙፍ ይሉታል። ብቻውን ለሚኖር ኮከብ ማበጥ የራሱ ጉዳይ ነው። አጠገቡ ሌላ ካለ ግን ማበጥ ወሰን መግፋት ይሆናል።

ስለዚህ ወሰን የገባኝ በመንገድ ነው። ከቆቃ አልፎ ወደ መቂ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ የማይታይ መስመር አለ። ከመስመሩ ወዲህ የወረደ ዝናብ ወደ ቆቃ፣ ከዚያ በአዋሽ ተጉዞ እስከ አፋር በረሃ ይወርዳል። ከመስመሩ ወዲያ የወረደው ደግሞ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይሄዳል። ግንብ የለም፤ ምልክት የለም፤ ሜዳ ነው። ጠብታ ግን ታውቀዋለች። በሁለት ከዋክብት መካከልም እንደዚሁ የስበት ውሃ መለያ አለ፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ኤዱዋር ሮሽ የተባለ ፈረንሳዊ የሒሳብ ሰው አስልቶታል። ያበጠው ኮከብ ከዚያ መስመር ያለፈ ዕለት ጋዙ የእሱ መሆኑ ያከትማል፤ ወደ ጓደኛው ይፈሳል።

(መንገዱን በደንብ አውቀዋለሁ። በሰባት ዓመቴ፣ አንድ የጨርቅ ሻንጣ ታቅፌ፣ ወደ መቂ ተልኬበታለሁ። እመለስበታለሁ።)

አፈሳሰሱ ልክ ሲሆን ክፉ አይደለም። አንዱ ይሰጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ሁለቱም ይኖራሉ። ችግሩ የሚመጣው ሰጪው ከተቀባዩ የከበደ ሲሆን ነው። ከባዱ ለቀላሉ በሰጠ ቁጥር ይቀራረባሉ፤ በተቀራረቡ ቁጥር ወሰኑ ይጠብባል፤ ወሰኑ በጠበበ ቁጥር የሚፈሰው ይበዛል። ይባስ ብሎ እንዲህ ዓይነቱ ግዙፍ ኮከብ ጋዙን ሲያጣ እንደ ሰው አይከሳም፤ ይብሱን ይነፋል። ብድር የያዘ ሰው ይህን ስሌት ያለ ፊዚክስ ያውቀዋል። ተቀባዩ የሚጎርፍለትን ሁሉ ሊውጥ አይችልም። ሞልቶ ይፈሳል፤ የፈሰሰውም ሁለቱን አንድ ላይ ይሸፍናቸዋል። ከዚያ በኋላ ከሩቅ የሚያይ አንድ ትልቅ ቀይ ኮከብ ብቻ ያያል። ውስጡ ግን የግዙፉ ልብና ጓደኛው፣ ሁለት ሆነው፣ በአንድ ልብስ ሥር ይዞራሉ።

ፈረንጆቹ ይህን ዘመን የሚጠሩበት ቃል ለደብዳቤ ማሸጊያም የሚያገለግል ስለሆነ ቃል በቃል ልመልሰው ብል «የጋራ ፖስታ» ሊሆንብኝ ነው። የመማሪያ መጽሐፍ ብጽፍ «የጋራ ልባስ» እለው ነበር። ለራሴ ግን ጋቢ ብየዋለሁ።

ጋቢው ውስጥ ምን ይሆናል? ወንጂ አካባቢ ያደገ ሰው ሞላሰስ ያውቃል፤ በዱላ ስታማስለው ዱላህን ይይዝሃል። ሁለቱ ከዋክብት በጋዙ ውስጥ ሲዞሩ እንደዚያ ይያዛሉ። ምሳሌው አንድ ስሕተት አለበት፤ የግዙፉ ኮከብ ውጫዊ አካል እንደ ሞላሰስ የወፈረ አይደለም፤ ከምንተነፍሰው አየር እጅግ በጣም የሳሳ ነው። ነገር ግን በዚያ ፍጥነት ለሚሮጥ ነገር የሳሳውም ይበቃዋል። ፍጥጫው ጉልበታቸውን ይበላዋል፤ እየተጠማዘዙ ወደ መሐል ይወድቃሉ። ከፍታውን ያጣ ነገር ደግሞ ጉልበት ይሰጣል፤ ቆቃ ላይ ከግድቡ የሚወርደው ውሃ ተርባይኑን የሚያዞረው በዚሁ ሕግ ነው። ከዋክብቱ ሲቀራረቡ የሚለቁት ጉልበት የሸፈናቸውን ጋዝ ያሞቀዋል፣ ወደ ውጭም ይገፋዋል።

እዚህ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ጉልበቱ ከበቃ ጋቢው ተገፍቶ ይወልቃል፤ ሁለቱ ራቁታቸውን፣ ከበፊቱ እጅግ ተቀራርበው ይቀራሉ። ካልበቃ እየወደቁ ሄደው ይላተሙና አንድ ይሆናሉ። አንድ መሆን በሰርግ ዘፈን ያምራል፤ በከዋክብት ዘንድ ግን ከሁለቱ ቢያንስ የአንዱ መጥፋት ነው።

ሊቃውንቱ ከሚለቀቀው ጉልበት ስንት እጁ ጋቢውን ለመግፋት እንደሚውል በአንድ የግሪክ ፊደል፣ በአልፋ፣ ይጽፉታል። አልፋ ስንት ነው? ይኸው ስንት ዓመት ይከራከሩበታል። በትልልቅ ኮምፒውተሮች ሲያሰሉትም ብዙ ጊዜ ጋቢው ሙሉ በሙሉ አልወልቅ ይላቸዋል፤ ግማሹ ሄዶ ግማሹ ይቀራል። በሰማይ ላይ ግን የወለቀላቸው ጥንዶች በዓይን ይታያሉ። ምናልባት ጋዙ ሲቀዘቅዝ ተበታትነው የነበሩት የአቶም ክፍሎች መልሰው ሲጣመሩ የሚለቁት ሙቀት ያግዝ ይሆናል የሚሉ አሉ።

የችግሩ ምንጭ ይህን ዘመን ውስጡ ገብቶ ያየው ያለመኖሩ ነው። አጭር ነው። ከወራት እስከ ጥቂት መቶ ዓመታት፣ ቢረዝም ሺህ ዓመት ይሆናል ተብሎ ይገመታል። 10 ቢሊዮን ዓመት የሚኖረውን ኮከብ 60 ዓመት በሚኖር ሰው ብንመስለው፣ ሺህ ዓመት ማለት ሦስት ደቂቃ ማለት ነው። ከስድሳ ዓመት ሦስት ደቂቃ! በሰው በር ስታልፍ እነዚያን ሦስት ደቂቃዎች የማግኘት ዕድልህ ምን ያህል ነው? ከዚያ በፊት ያለውን ታያለህ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ታያለህ። መሐሉ በጋቢ ተሸፍኗል።

አሁን ወደ መቂ ልመለስ።

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከሽርካው ጋር በብድር የገዟት አንዲት ኤንትሬ ፊያት ነበረቻቸው፤ ከነተሳቢዋ የአሰብ መስመር ትሠራ ነበር። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር የአሰብ መንገድ ተዘጋ። መኪናዋ ለወራት ግቢያችን ፊት ለፊት ቆመች፤ እኛ ልጆች ጎማዋ ሥር እንጫወት ነበር። ከዚያ የጅቡቲ ሥራ ተገኘ ተባለ፤ በሁለተኛው ጉዞ አዋሽ አርባ አካባቢ ተገለበጠች። አባቴ በእጁ ስብራት ተረፈ። ብድሩ ግን አልተገለበጠም። በዚያው ሳምንት እናቴ ልብሴን በጨርቅ ሻንጣ አድርጋ መቂ፣ አክስቴ ዘንድ ላከችኝ። «ሐይቁ አጠገብ ነው፤ ዓሣ ትበያለሽ» አለችኝ። 1991 ዓ.ም.ን በሙሉ እዚያ ነበርሁ። ዓሣ በላሁ። ኦሮምኛም እዚያ ነው የለመድሁት።

ከመሄዴ በፊት የማውቃቸው ወላጆቼ ሌላ ሰዎች ነበሩ። የሚጮሁ፣ የሚሳሳቁ፣ ሰሐን የሚሰባብሩ። አባቴ ከአሰብ ሲመለስ ጨርቅና ሬዲዮ ያመጣል፤ እናቴ ዘመድ ጠርታ ቤቱን ትሞላዋለች። እሱ የራሱ ዓለም ነበረው፣ እሷም የራሷ። ስመለስ መኪናዋ የለችም። ትልቁ ቤት ተከራይቷል። እኛ ከግቢው ጀርባ ባለችው ሰርቪስ አንዷ ክፍል ውስጥ ገብተናል። የእናቴ አንገት ባዶ ነው። ሁለቱም አይጮሁም። እናቴ እጇን ስትዘረጋ አባቴ ምን እንደፈለገች ሳይጠይቅ ያቀብላታል፤ ጨውም ቢሆን፣ ክብሪትም ቢሆን። ያን ጊዜ ልጅ ስለነበርሁ ፈራሁ። ቤታችን ሰው የሞተበት መሰለኝ።

ስለዚያ ዓመት ጠይቄ ያውቃል አንደበቴ? ኧረ አያውቅም። ያለኝ ማስረጃ ሁለት ፎቶግራፍ ነው። አንዱ የሰርጋቸው፣ ናዝሬት ስቱዲዮ ውስጥ የተነሡት (እነሱ ዛሬም ከተማዋን አዳማ ብለው አይጠሯትም)፤ በመካከላቸው ሌላ ሰው የሚያስገባ ክፍተት አለ፤ ሐብሉ በደረቷ ላይ ያበራል። ሁለተኛው የእኔ የስምንተኛ ክፍል ምርቃት ዕለት የተነሡት ነው። ሐብል የለም። ክፍተትም የለም።

ቦህዳን ፓቺንስኪ የተባለውን ፖላንዳዊ ያገኘሁት ይህን እያሰብሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በሠውር ሰፈር፣ ከአልደባራን አጠገብ በሚገኘው ሃያደስ በተባለው የከዋክብት መንጋ ውስጥ፣ አንድ እንግዳ ጥንድ ተገኝቶ ነበር። ስሙ ቪ 471 ታውሪ ነው። በዓይን አይታይም፤ ትንሽ ቴሌስኮፕ ግን ይበቃዋል። ርቀቱ 150 የብርሃን ዓመት ገደማ ስለሆነ ዛሬ የሚደርሰን ብርሃኑ ጉዞ የጀመረው በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ነው። ከጥንዱ አንዱ ፀሐይን በስፋት የሚያክል ብርቱካናማ ኮከብ ነው። ሌላው ነጭ ድንክ ይባላል፤ ስፋቱ ምድርን ያህል ሆኖ ክብደቱ ከፀሐይ ብዙም አያንስም። በ12 ሰዓት ተኩል አንድ ጊዜ ይዞራሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ሁለት ፀሐይ እንኳ ጎን ለጎን አያስቀምጥም።

ፓቺንስኪ የጠየቀው ጥያቄ ቀላል ነው። ነጭ ድንክ ማለት የግዙፍ ኮከብ ልብ ነው፤ ሌላው አካል ሲሄድ የሚቀረው። ያ ግዙፍ በሕይወት ሳለ ስፋቱ ከፀሐይ በመቶዎች እጥፍ ይበልጥ ነበር። ጓደኛው ታዲያ ዛሬ ባለበት ቦታ እንዴት ይኖር ነበር? በሆዱ ውስጥ መሆኑ ነው! እንግዲህ ሁለቱ ድሮ ተራርቀው ይኖሩ ነበር፤ ከዚያ በአንድ ልባስ ውስጥ ገቡ፤ ልባሱ ሄደ፣ እነሱ ተቀራርበው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተማት አጭር ጽሑፍ ይህን አለ። ከፊትና ከኋላ ካለው ተነሥቶ መሐሉን ደረሰበት። እኔም በሁለት ፎቶግራፍ የሞከርሁት ይህንኑ ነበር፤ እሱ ግን ሒሳብ ያውቃል።

የወለቀው ጋቢስ የት ይገባል? ለጥቂት ሺህ ዓመታት በዙሪያቸው እያበራ ይቆያል፣ ከዚያ ይበተናል። እ.ኤ.አ. በ2005 የተገኘ አንድ እንዲህ ያለ የጋዝ ቀለበት አለ፤ 15,000 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። መሐሉ ላይ በአንድ ቀን ከጥቂት ሰዓት የሚዞሩ ሁለት ከዋክብት አሉ። ቀለበቱ ላይ እንደ ዕንቁ የሚያበሩ ጉብታዎች ስለተደረደሩበት ስሙን የአንገት ሐብል ብለውታል። ሀብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ያነሣውን ፎቶ ሳይ (ስሙ ከሐብሉ ጋር የገጠመው በአማርኛ ብቻ ነው፤ የሰውዬው ስም ነው) ለእናቴ በስልኬ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው። «ያምራል። የማን ነው?» አለች።

ስለ ሐብል ከተነሣ፣ ወርቁም ራሱ ከዚህ ታሪክ አይርቅም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 2017 ሁለት ኒውትሮን ከዋክብት 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቆ በሚገኝ ጋላክሲ ውስጥ ሲላተሙ ምድር ላይ ባሉ መሣሪያዎች ተሰምቷል፤ ከግጭቱ ወርቅን የመሰሉ ከባድ ንጥረ ነገሮች እንደሚወለዱም ታይቷል። እንዲህ ያሉ ጥንዶች ለመላተም እስኪበቁ ድረስ የሚቀራረቡት፣ አብዛኛው ስሌት እንደሚለው፣ በጋራ ልባስ ውስጥ ካለፉ ነው። አያቴን ያግባባው ወርቅ በከፊልም ቢሆን ከእንዲህ ያለ ትዳር የመጣ ሊሆን ይችላል።

የተላተሙትንም አንድ ጊዜ፣ በዕድል፣ ከመጀመሪያው ያዩ አሉ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2008 በዐቅራብ ሰፈር አንድ ኮከብ በድንገት በሺዎች እጥፍ ፈክቶ ከዚያ ደበዘዘ። ፖላንዳውያን ቺሊ ላይ ተክለውት የነበረው ቴሌስኮፕ ያንን ሰማይ ለሌላ ጉዳይ ከ2001 ጀምሮ ፎቶ ሲያነሣ ኖሯል። ሮሙአልድ ቲሌንዳና ባልደረቦቹ አሮጌዎቹን ፎቶዎች መልሰው ቢያገላብጡ፣ የፈነዳው በ1.4 ቀን ገደማ የሚዞር ጥንድ ነበር። ዙሩ ከዓመት ዓመት እያጠረ፣ እያጠረ ሄዶ በመጨረሻ ሁለትነቱ ጠፋ። ማንም ሳያስተውል፣ በየምሽቱ ፎቶ እየተነሡ። የፎቶውን ሥራ ከጀመሩት አንዱ ራሱ ፓቺንስኪ ነበር። ጥንዱ ሲዋሐድ እሱ ከሞተ ከዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

የመጣሁበትን ጉዳይ እነግራችኋለሁ ብያለሁ። ባለቤቴና እኔ አዲስ አበባ ነው የምንኖረው። ሁለታችን ያጠራቀምነው ገንዘብ አንድ ሱቅ ውስጥ ገባ፤ ሱቁ ብድር ወለደ፤ ብድሩ ሌላ ብድር ወለደ። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ በየማታው ስንነጋገር ከረምን። ከዚያ መነጋገሩም ቀረ፤ በአንድ አልጋ ላይ ጀርባ ለጀርባ። አንድ ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ አዳማ ወረድሁ። ለጓደኞቼ «ኮከባችን አልገጠመም» እላለሁ፤ ሁሉም ይገባዋል፤ ማንም ከዚያ አልፎ አይጠይቅም። እናቴም አልጠየቀችኝም። እሱ በየማታው በሁለት ሰዓት ይደውላል። አንዳንድ ጊዜ አነሣለሁ።

እንግዲህ ስለ ጋቢው ውስጥ ማወቅ የምፈልገው ለሳይንስ ብቻ እንዳልሆነ አንባቢ ተረድቶታል። የኅዳር ጽዮን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ እናቴ ሽንኩርት ስትልጥ አጠገቧ ተቀመጥሁና ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ እኔ መቂ የነበርሁ ጊዜ እዚህ ምን ሆነ?»

ቢላዋዋ ቆመ። «ምን ይሆናል? ችግር ነበር።»

«ሐብሉን አባዬ ነው የሸጠው?»

ለሃያ ስድስት ዓመት እንደዚያ ነበር የማምነው። ቂምም ነበረኝ፤ አልደብቅም። እናቴ ሳቀች። «እሱ ምኑን ይሸጣል! እኔ ነኝ አውልቄ ይዤ የሄድሁት። ሳልነግረው። ወርቅ ቤቱ በር ስደርስ ዘወር ብል ማዶ ቆሟል፤ እጁ በፋሻ ታስሮ። ተከትሎኝ መጥቶ ኖሯል። አልገባም፤ ና አላልሁትም። ስወጣም እዚያው ነው። አብረን ተመለስን፤ እስከ ቤት አንድ ቃል አላወራንም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሌሊቱ ነው የከፋው። አባትሽ አይተኛም። እኔም አልተኛም። እሱ እንዳይቀሰቅሰኝ ብሎ አይነቃነቅም፣ እኔም የተኛሁ እመስላለሁ። ስንት ወር እንደዚያ ሆነን መሰለሽ። አንድ ጋቢ ነበር የቀረን።» ሽንኩርቱን አንሥታ ወደ ምድጃው ሄደች። ከዚያ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «አንድ ሌሊት ሁለታችንም ነቅተን እንደምናድር ታወቀ» አለች።

እንዴት እንደታወቀ ልጠይቃት ስል አባቴ ገባና ወሬው ተቋረጠ። ስለ ቲማቲም ዋጋ አወራን።

የተቀመጥንበት መሬት፣ ጂኦሎጂስቶች እንደሚሉት፣ በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር እየተለያየ ነው፤ ስምጥ ሸለቆው ይከፈታል፣ ከአርሲ በኩል ያለው ደጋ ከሸዋ ይርቃል። ይህን ለአባቴ ስነግረው «እንግዲህ አሰላ መሄጃው ኪራይ ይጨምራል» አለኝ። በዚያ ምሽት እሱና እናቴ በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ኅዳር ነውና ብርዱ ይገባል፤ ጋቢውን ለሁለት ደርበውታል። በወለንጪቲ በኩል ቀዩ ኮከብ ወጥቷል። ሃያደስን በጣቴ ላሳያቸው ሞከርሁ፤ የመንገዱ መብራት ከለከለን።

ስልኬ ጮኸ። ሁለት ሰዓት ነው። ወደ ሰርቪሷ ገብቼ አነሣሁት። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ እንደ ወትሮው ዝም ልንል ስንል፣

«ሌሊት ትተኛለህ?» አልሁት።

ትንሽ ቆየ። «አልተኛም» አለ።

«እኔም።»

ከዚያ ስለ ሱቁ ኪራይ ማውራት ጀመርን።